ብሎክ 12 የት ጋ ነው? የግቢ መንገድ የሚያሳይ አፕ ስንሠራ

ዩኒቨርሲቲ የገባችሁበትን የመጀመሪያ ሳምንት አስቡት። ገና ካልገባችሁም ከአሁኑ አስቡት። በአንድ እጃችሁ ሻንጣ፣ በሌላው የምዝገባ ስሊፕ ይዛችኋል። ስሊፑ «ብሎክ 12፣ ክፍል 204» ይላል። መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ሲኒየር ስትጠይቁት «ቀጥ በሉና ከላውንጁ ጀርባ» ብሎ ያልፋል። ችግሩ ላውንጁ ራሱ የት እንደሆነ አለማወቃችሁ ነው።

እኔ ፍሬሽማን እያለሁ ይህ ነገር ፈተና ሊያስቀርብኝ ነበር። የተማርኩበት ግቢ «አሮጌው» እና «አዲሱ» የሚባሉ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ ሁለቱም የመማሪያ ብሎኮቻቸውን ከ1 ጀምረው ቆጥረዋል። ማስታወቂያው «ብሎክ 12» ብቻ ነበር የሚለው። አሮጌው ግቢ ሄጄ ባዶ ክፍል አገኘሁ። እየሮጥኩ አዲሱ ግቢ ስደርስ 25 ደቂቃ አልፎኛል። ፈታኙ እያጉረመረመ አስገባኝ። ከእኔ በኋላ የመጣውን ልጅ ግን «30 ደቂቃ አልፏል» ብሎ መለሰው።

ያኔ ኪሴ ውስጥ ጂፒኤስ ያለው ስልክ ነበረኝ። ሰማያዊዋ ነጥብ የት እንደቆምኩ በትክክል ታሳየኝ ነበር። እኔ ግን የት እንደቆምኩ አልጠፋኝም፤ የጠፋኝ የምሄድበት ነው። የግቢ አፕ እንሥራ የሚሉ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጨነቁት ስለ ነጥቧ ነው። ከጓደኞቼ ጋር አንድ የሙከራ አፕ ስንሠራ እኛም እንደዚያው አደረግን። ስለዚህ ከነጥቧ ልጀምርና ከባዱ ሥራ ለምን ሌላ ቦታ እንዳለ ላሳያችሁ።

የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይዞራሉ። እያንዳንዳቸው የአቶሚክ ሰዓት ይዘው «እኔ እገሌ ነኝ፤ ያለሁት እዚህ ነው፤ አሁን ሰዓቱ ይህን ያህል ነው» የሚል መልእክት ሳያቋርጡ ይልካሉ። ስልካችሁ መልእክቱ ከተላከበት እስከ ደረሰበት ያለውን ጊዜ ይለካና በብርሃን ፍጥነት አባዝቶ ርቀቱን ያሰላል። ቦታችሁን ለማወቅ ሦስት ሳተላይት ይበቃ ነበር። ግን የስልክ ሰዓት ርካሽ ሰዓት ነው። አንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ብቻ ቢሳሳት እንኳ ርቀቱ በ300 ሜትር ይዛባል፤ ይህ ደግሞ ከዶርም እስከ ላይብረሪ ሊሆን ይችላል። አራተኛው ሳተላይት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የእሱ መልእክት የስልኩን ሰዓት ስሕተት አስልቶ ለማውጣት ይረዳል።

ሰማዩ ክፍት ከሆነ ተራ ስልክ የሚስተው 5 ሜትር ገደማ ነው። ለመኪና ሾፌር ይህ ምንም አይደለም። ግቢ ውስጥ ግን 5 ሜትር ማለት ከአጥር ወዲህና ከአጥር ወዲያ ማለት ሊሆን ይችላል። ከፎቆች መሀል ስትገቡ ደግሞ ምልክቱ ግድግዳ ላይ እየነጠረ ስለሚመጣ የተጓዘው መንገድ ረዝሞ ይታያል፤ ነጥቧም መዝለል ትጀምራለች። ኮንክሪትና ቆርቆሮ ውስጥ ከገባችሁ በኋላማ በቃ፣ ብዙ አትጠብቁ።

ሕንፃ ውስጥ ቦታን ለማወቅ ሌሎች ብልሃቶች አሉ። በየኮሪደሩ ትንንሽ የብሉቱዝ መሣሪያ መስቀል አንዱ ነው፤ መሣሪያውን መግዛትና ባትሪውን መቀየር ግን የማን ሥራ ይሆናል? በአየር ግፊት ፎቅ መለየትም ይቻላል። በአዲስ አበባ ከፍታ አንድ ፎቅ ስትወጡ ግፊቱ በ0.3 ሄክቶፓስካል ገደማ ይቀንሳል፤ የግፊት መለኪያ ያለው ስልክ ይህን ያውቀዋል። ብዙ ርካሽ ስልኮች ግን መለኪያው የላቸውም። ደመና ሲመጣና ሲሄድም ግፊቱ በዚያው ልክ ሊለዋወጥ ይችላል። እኔ የምመርጠው በየሕንፃው መግቢያና በየደረጃው ራስ ላይ የሚለጠፍ ኪውአር ኮድ ነው። ኮዱ በ1994 እ.ኤ.አ. በጃፓኑ ዴንሶ የተፈጠረው የመኪና መለዋወጫ ለመቆጣጠር ነበር። ባትሪ አይፈልግም፤ ወጪውም ወረቀትና ፕላስተር ነው። ተማሪው በካሜራው ሲያነሳው አፑ «ብሎክ 12፣ 2ኛ ፎቅ፣ ምሥራቅ ደረጃ ላይ ነህ» ይለዋል፤ በሜትር ስሕተት የሚባል ነገር የለም።

አሁን ወደ መንገዱ እንሂድ። ግቢውን ለኮምፒውተር የምንነግረው በፎቶ ሳይሆን በነጥብና በመስመር ነው። በር፣ መታጠፊያ፣ የደረጃ ራስ ነጥቦች ናቸው፤ በመሀላቸው ያለው መንገድ መስመር ነው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ አንድ ቁጥር፣ ለምሳሌ የእግር ጉዞው ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ እንጽፍበታለን። ይህ የነጥብና የመስመር መረብ ግራፍ ይባላል።

በጣም ትንሽ ግቢ እንፍጠር። ከዶርም ሜዳው 2 ደቂቃ፣ ካፌው 3 ደቂቃ ነው። ከሜዳው ላይብረሪ 6፣ ከካፌው ላይብረሪ 4 ደቂቃ ነው። ከሜዳው ሬጅስትራር በቀጥታ 9 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከላይብረሪ ሬጅስትራር ግን 2 ደቂቃ ብቻ ነው። ከዶርም ሬጅስትራር በየት በኩል ይቀርባል? ከማንበባችሁ በፊት ወረቀት ላይ ሣሉትና ሞክሩት።

ስልኩ እንዲህ ያደርጋል። ዶርም 0 ብሎ ይጀምርና ምንጊዜም እስካሁን ከታወቁት ነጥቦች ቅርቡን ይመርጣል። ቅርቡ ሜዳው ነው፣ 2። በሜዳው በኩል ላይብረሪ 8፣ ሬጅስትራር 11 ብሎ በጊዜያዊነት ይይዛል። ቀጥሎ የሚቀርበው ካፌው ነው፣ 3። በካፌው በኩል ላይብረሪ 7 ይሆናል፤ ከ8 ስለሚያንስ 8ቱን ሰርዞ 7 ይጽፋል። ከላይብረሪ ሬጅስትራር 2 ሲጨመር 9፤ ከ11 ስለሚያንስ 11ዱም ይሰረዛል። መልሱ በካፌና በላይብረሪ በኩል 9 ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ላይ ቅርብ የመሰለው ሜዳ በመጨረሻ አላዋጣም።

ይህን ዘዴ ያገኘው ኔዘርላንዳዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ኤድስኸር ዳይክስትራ ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ውስጥ ከእጮኛው ጋር ገበያ ወጥተው ደክሟቸው አንድ ካፌ ተቀመጡ። ቡና እየጠጣ 20 ደቂቃ ውስጥ አሰበው፣ ያውም ያለ ወረቀትና ያለ እስክሪብቶ። ዘዴውን አርማክ በሚባል ኮምፒውተር ላይ ለሕዝብ ያሳየው የኔዘርላንድን 64 ከተሞች ይዞ ነበር። በ1959 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጣ። ዛሬ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ምናልባት 600 ነጥብ ቢኖረው ነው፤ ስልካችሁ ዓይናችሁን ሳትጨፍኑ ይጨርሰዋል።

ስለዚህ ሒሳቡ ከስልሳ ዓመት በፊት ያለቀ ጉዳይ ነው። ያላለቀው በመስመሮቹ ላይ የምንጽፈው ቁጥር ነው፤ እሱን ደግሞ ጫማ አድርጎ ከመዞር በቀር የሚያመጣው የለም።

ሰው በደልዳላ መንገድ በደቂቃ 80 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ስለዚህ ርቀቱን ለ80 ማካፈል ብቻ የሚበቃ ይመስላል። ግን ሽቅብ አለ። ዊልያም ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀላል ስሌት አለ፤ ወደ እኛ መለኪያ ሲመለስ ለእያንዳንዱ 10 ሜትር ሽቅብ አንድ ደቂቃ ጨምር እንደማለት ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ደስ ይላል፦ አንድ መስመር ሁለት ቁጥር ይኖረዋል፣ ለሽቅቡ ሌላ፣ ለቁልቁለቱ ሌላ። ክፍል ስትሄዱና ስትመለሱ አፑ ሁለት የተለያየ መንገድ ቢያሳያችሁ ተበላሸ አትበሉ።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ ያቺ ሜዳ ጭቃ ትሆናለች። 2 ደቂቃ የነበረችው 5 ትሆናለች፤ ጫማችሁን ከወደዳችሁ ደግሞ 20። የማጠቃለያ ፈተናም ብዙ ጊዜ በዚያው ሰሞን ነው።

ማታ ከላይብረሪ ወደ ሴቶች ዶርም የሚወስደውን መንገድስ? አጭሩ መንገድ መብራት በሌለው የዛፍ ሥር የሚያልፍ ከሆነ አፑ «6 ደቂቃ» ብሎ ወደዚያ መላኩ ስሕተት ነው፤ ሒሳቡ ትክክል ሆኖ ሳለ ስሕተት። መብራት የሌለው መስመር ላይ ከመሸ በኋላ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ይቻላል። ታዲያ የትኛው መንገድ መብራት እንዳለው ለማወቅ አንድ ሰው ማታ ዞሮ ማየት አለበት። እኛ የዞርነው ቀን ቀን ነበር። ይህን የነገረችን አፑን ለመሞከር የመጣች የ2ኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ስክሪኑን አየት አደረገችና «በዚህ ማታ የሚሄድ ሰው የለም» አለችን።

በዊልቸር ለሚሄድ ተማሪ ጥያቄው የፍጥነት አይደለም፣ የመድረስና ያለመድረስ ነው። ለእሱ ደረጃ ያለው መስመር ከግራፉ ይሰረዛል። ስንሰርዘው አንዳንድ ክፍሎች ከቀረው መረብ ተቆርጠው ብቻቸውን ይቀራሉ፤ ምንም መንገድ የለም። አፑ ይህን በግልጽ መናገር አለበት፣ ተማሪው ደረጃው ሥር ደርሶ ከሚያውቀው ቤቱ ሆኖ ቢያውቀው ይሻላል። «ታዲያ መወጣጫ ይሠራ» ካላችሁ እሰየው፤ ግን ስፋቱን አስሉት። በብዙ አገር ደንብ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። 3.5 ሜትር ከፍታ ላለው አንድ ፎቅ 42 ሜትር ማለት ነው። ሊፍት ካለም መስመሩ መብራት ባለ ጊዜ ብቻ የሚሠራ መስመር ነው፤ ግራፉ ላይ እንዲያ ተብሎ መጻፍ አለበት።

አሁን እኛን ካሳቁን ስሕተቶች ዋናውን ልንገራችሁ። የኋላውን በር የሚጠብቁትን አባት «በሩ ስንት ሰዓት ይከፈታል?» ብለን ጠየቅናቸው። «ከ12 እስከ 12 ነው ልጄ» አሉን። ጓደኛዬ እንዳለ ከ12 እስከ 12 ብሎ ኮዱ ውስጥ ጻፈው። የስልክ ሰዓት ግን ቀኑን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ስለሆነ ጠዋት 12 ሰዓት ለእሱ 6፡00 ነው፣ ማታ 12 ደግሞ 18፡00። እንደተጻፈ ሲያነበው በሩ ከቀትር እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት ነው ብሎ ተረዳ። ጠዋት ክፍል የሚሄደውን ሁሉ በዋናው በር አዞረው፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ ደግሞ ወደ ተዘጋ በር ላከው። ኮዱ አንድም ስሕተት አላሳየም። በእኛ አገር የሚሠራ ማንኛውም ሰዓት የሚቀበል አፕ «ይህ ሰዓት በማን አቆጣጠር ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ሌላው ትልቅ ሥራ ስም ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ስድስት ኪሎ ግቢ ውሰዱ። ቦታው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. ነው ዩኒቨርሲቲ የሆነው። ስለዚህ አንድ ሕንፃ ለአንዱ ገነተ ልዑል፣ ለሌላው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ ለሦስተኛው «ሙዚየሙ» ነው። ዋናው ቤተ መጻሕፍት ደግሞ በተማሪው አፍ «ኬኔዲ» ነው። በዚያ ላይ ዩኒቨርሲቲው አንድ ግቢ ብቻ አይደለም፤ ተፈጥሮ ሳይንስ አራት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ አምስት ኪሎ፣ ሕክምና ጥቁር አንበሳ፣ እንስሳት ሕክምና ቢሾፍቱ ነው። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። «ዲን ቢሮ» ብላችሁ ስትፈልጉ አፑ «የትኛው ግቢ?» ብሎ ካልጠየቀ የእኔ ብሎክ 12 ታሪክ በከተማ ደረጃ ሊደገም ይችላል።

ስሙን ብታውቁት እንኳ አጻጻፉ አለ። አንዱ «ሕክምና»፣ ሌላው «ህክምና»፣ አንዱ «ፀሐፊ»፣ ሌላው «ጸሃፊ» ይጽፋል። ለእኛ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከመፈለጋችን በፊት ተመሳሳይ ድምፆችን ሁሉ ወደ አንድ ፊደል እንመልሳለን። «ላይብረሪ» እና «ላይብራሪ» ግን በዚህ አይፈቱም። እዚህ ላይ ፊደላችን ራሱ የሚያግዘን ነገር አለው።

ግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ የተደረደረው በቤተሰብ ነው፤ ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ተከታታይ ቦታ ተሰጠው። ረ ቁጥሩ 4648 ነው፣ ሪ 4650፣ ራ 4651። እነዚህን ለ8 አካፍሉና ቀሪውን ጣሉት፤ ሦስቱም 581 ይሆናሉ። ለ 4616 ነው፤ ለ8 ሲካፈል 577። በአንድ ማካፈል ፊደሉ ከየትኛው ቤት እንደሆነ ታወቀ ማለት ነው! (ጥቂት ዲቃላ ፊደላት የራሳቸው ረድፍ ስላላቸው ለብቻ ይታያሉ።) ስለዚህ አፑ ቃሉን በአናባቢው ሳይሆን በተነባቢ አጥንቱ ያወዳድራል፤ «ላይብረሪ»ም «ላይብራሪ»ም «ላይበራሪ»ም አንድ ዓይነት አጥንት አላቸው። እኔ ከአፑ ሁሉ በጣም የምወደው ይህን ሁለት መስመር ኮድ ነው።

ተማሪው ሁልጊዜ ዳታ የለውም። ደግነቱ ነጥብና መስመር ቦታ አይዙም። ለ600 ነጥብ 16 ባይት፣ ለ900 መስመር 8 ባይት ብንሰጥ በድምሩ 16,800 ባይት ነው። ስሞቹ ሲጨመሩም ከ100 ኪሎባይት አያልፍም። በስልክ የምታነሱት አንድ ፎቶ ከዚህ ሃያና ሠላሳ እጥፍ ይበልጣል። ግቢው በሙሉ በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል፤ ነጥቧም እዚያው ስልኩ ላይ ትሰላለች። ማን የት እንዳለ ወደ ሌላ ቦታ መላክ አያስፈልግም፣ መላክም የለበትም።

የግቢ አፖች የሚሞቱት በቴክኒክ ችግር አይመስለኝም። የመመረቂያ ፕሮጀክት ሆነው ይሠራሉ፣ በፕሮጀክተር ይቀርባሉ፣ ይጨበጨባል፤ ሠሪዎቹ ይመረቃሉ። በሚቀጥለው ሴሚስተር አንድ በር ይዘጋል፣ አንድ ቢሮ ይዛወራል፣ ካርታው ላይ የሚያርመው የለም። አንድ ጊዜ የተሳሳተ መንገድ ያሳየውን አፕ ደግሞ ተማሪ ሁለተኛ አይከፍተውም። እኛ መንገዶቹን፣ ደረጃዎቹንና በሮቹን ያስገባነው ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. በእንግሊዛዊው ስቲቭ ኮስት የተጀመረ፣ ማንም ሰው ሊያርመው የሚችል የዓለም ካርታ ነው። አፑ ቢሞት እንኳ ካርታው ይቀራል፤ ቀጣዩ ባች ከባዶ አይነሳም።

ለመጀመር ኮድ መጻፍ መቻል የግድ አይደለም። አንድ ወረቀት ያዙና ከዶርማችሁ ወይም ከትምህርት ቤታችሁ በር ጀምራችሁ እያንዳንዱን መታጠፊያ ነጥብ፣ እያንዳንዱን መንገድ መስመር አድርጉ። 20 እርምጃ ተራመዱና ርዝመቱን በሜትር ለኩ፤ ለ20 ስታካፍሉት የእርምጃችሁ ርዝመት ይወጣል፣ ከዚያ ቆጠራ ብቻ ነው። ከዚያ ግቢውን የማያውቅ አንድ ሰው ጥሩና ወረቀቱን ስጡት፤ «ሬጅስትራርን አግኝ» በሉትና ዝም ብላችሁ ከኋላው ተከተሉት። ሲሳሳትም አትንገሩት፤ የቆመበትንና ግራ የተጋባበትን ቦታ ብቻ ጻፉ። በሮቹ ጋ ስትደርሱ ጥበቃዎቹን ሰዓቱን ጠይቁ፣ 12 ካሏችሁም የትኛው 12 እንደሆነ።